የቆየ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ፦ ርካሹ ዋጋ እንዳያታልላችሁ

ዛሬ ከቡናና ከበቆሎ ዋጋ ወጣ እንበል። ከጊምቦም ከዴቻም የምትጠይቁኝ አንድ ነገር አለ፦ «ከርከሮና ዝንጀሮ በቆሎውን ጨረሱት፤ የቆየ ባለ ሁለት አፈሙዝ በርካሽ አግኝቻለሁ፤ ልግዛው?»

1. ወረቀቱ። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ ጦር መሣሪያ መያዝም መገበያየትም ወንጀል ነው። የሻጩ ፈቃድ ለእናንተ አይሠራም። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ፖሊስ ጋ ሂዱ። አውሬ መግደልም ለብቻው ፈቃድ ይፈልጋል።

2. በርሜሉ። ጥይት አለመኖሩን አረጋግጡና ከፍታችሁ ወደ ብርሃን እዩበት። ዝገት የበላው ጉድጓድ፣ እብጠት ወይም ስርጉድ ካለ ተዉት። ተዘግቶም በርሜሉ ከሰደፉ ጋር ከተንቀጫቀጨ ማጠፊያው አልቋል ማለት ነው።

3. ጥይቱ። በርሜሉ ላይ እንደ ተጠማዘዘ ክር ያለ ጥለት ካለ «ደማስቆ» የሚባለው ነው። ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ስለሆነ በዛሬ ጥይት ሊፈነዳ ይችላል። የብዙ ድሮ ጠመንጃዎች የጥይት ማረፊያ ደግሞ 65 ሚሊ ሜትር ነው፤ የዛሬው ጥይት በብዛት 70። መግባቱን ይገባል፤ ሲተኮስ ግን ቀፎው በደንብ ስለማይከፈት ግፊቱ ይጨምራል።

ቡና እንኳ ናሙና ሳናይ አንገዛም። ይሄ ደግሞ ፊታችሁ አጠገብ የሚተኮስ ነው። ወረቀት የሌለው ጠመንጃ በነጻ ቢሰጧችሁም ውድ ነው።