የነጋዴ ክርክርና እርቅ

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገበያ የበርበሬ ሻጭና ገዥ በሚዛን ወይም በእርጥበት ምክንያት ሲጣሉ፣ ነገሩ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ለሽማግሌዎች ይቀርባል። ሽማግሌዎቹም ሁለቱን ወገኖች አዳምጠው፣ ሻጩ ከዋጋው ጥቂት እንዲቀንስ፣ ገዥውም ቀሪውን በቀጠሮ እንዲከፍል ያስማማሉ። ክርክሩ ቢከርም ግን በርበሬው በመጋዘን ይበላሻል፤ ደንበኝነትም ይቋረጣል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3307 ባለጉዳዮች አንዱ ለሌላው በመተው ክርክራቸውን ሊጨርሱ እንደሚችሉ ደንግጓል። በቁጥር 3312 መሠረትም ስምምነታቸው ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይጸናል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237 ታውጇል።

ስለዚህ የታረቀ ነጋዴ ነገሩን በቃል ብቻ ትቶ መሄድ አይገባውም። የዕቃው ልክ፣ የተቀነሰው ዋጋና የመክፈያው ቀን በጽሑፍ ሰፍሮ በምስክሮች ፊት ሲፈረም፣ እርቁ ገንዘብንም ወዳጅነትንም ይጠብቃል።