ራዲያተር ያለው ቮልስ፦ አሮጌ መኪናና መለዋወጫ በስልክ ለምንገዛ



ባለፈው ክረምት ጫግኒ ቤተሰብ ጋር ስከርም አጎቴ አንድ ሥራ ሰጡኝ። ከሃያ ዓመት በላይ ያቆዩዋት ቮልስ አለቻቸው፤ ካርቡሬተሯ ቤንዚን እያንጠባጠበ ከጥቅም ውጭ ሆኗል። "አንተ ኢንጂነር አይደለህ? ስልክህ ላይ ፈልግልኝ" አሉኝ። ገና ሦስተኛ ዓመት ነኝ ብል ማን ይሰማኛል! ቴሌግራም ገባሁ፤ ብዙ ሺህ አባል ያለው የመለዋወጫ ቻናል አገኘሁ፤ የሚያብረቀርቅ ካርቡሬተር ፎቶ አየሁ፤ 4,500 ብር ላክሁ። ሰውየው የዕቃ መላኪያ ደረሰኝ ፎቶ ልኮ "ነገ ማታ ጫግኒ ይገባል" አለኝ። ሁለት ቀን መናኸሪያ ቆሜ ዋልሁ። በሦስተኛው ቀን የተጻጻፍነው ሁሉ ከስልኬ ጠፋ። ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት እንደሚችል ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ብሩ የአጎቴ ነበር። ምንም አላሉኝም፤ እኔን የጎዳኝም ዝምታቸው ነው።

ቤተሰብ ስልክ የሚነካውን ተማሪ ልጅ ነው የሚያዝዘው፤ ስለዚህ ይህ የእኔ ብቻ ጉዳይ አይደለም። አሮጌ መኪና በሌላው ዓለም የሀብታም መዝናኛ ሊሆን ይችላል። እኛ ጋ ግን ሰው የሚሠራበት፣ ቤተሰብ የሚጫንበት ነው። ቮልስ ደግሞ የራሷ ታሪክ አላት፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ተፈላጊነቱ ጨመረ፤ ተፈላጊ ነገር ባለበት ደግሞ ሌባ አይጠፋም። የቮልሷ ፋብሪካ ምርት ጭራሽ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ላይ አብቅቷል። ስለዚህ "አዲስ፣ ኦርጅናል፣ ከፋብሪካ የመጣ" የሚል ማስታወቂያ ስታዩ መጀመሪያ ይህን ዓመት አስታውሱ።

ከተታለልሁ በኋላ አንድ የሠፈራችን መካኒክ የነገረኝ ዘዴ አለ። ሻጩን "የቮልሷ ራዲያተር አያፈስም?" ብለህ ጠይቀው አለኝ። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነው፣ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው፤ ራዲያተር የሚባል ነገር የላትም። እቤት መጥቼ መኪና እንሸጣለን ከሚሉት ለሦስቱ ላክሁት። አንዱ ሳቀብኝ። ሁለተኛው አልመለሰልኝም። ሦስተኛው ግን "ራዲያተሩ አዲስ ነው ወንድሜ፣ ባለፈው ወር ነው የቀየርነው" አለኝ።

ዘዴው ለሌላውም ይሠራል። ዕቃው እጁ ላይ ያለ ሰው ብቻ ሊመልሰው የሚችለውን ጥያቄ ጠይቁ። ካርቡሬተር ከሆነ ሰውነቱ ላይ የተመታ ቁጥር አለ፤ 28፣ 30 ወይም 34 ፒክት ይላል። የ1200 ሞተር በ28፣ የ1300ና የ1500 በ30፣ የኋለኛው 1600 በ34 ነው የሚሠራው። እኔ ይህን ቁጥር ብጠይቅ ኖሮ ሰውየው ሊመልስልኝ አይችልም ነበር፤ ፎቶው ከሌላ አገር ማስታወቂያ የተወሰደ ነበርና። አሁን የምጠይቀው እንዲህ ነው፦ ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ አድርግ፣ አጠገቡ የእኔን ስምና የዛሬን ቀን በወረቀት ጽፈህ አስቀምጥ፣ ቁጥሩን በጣትህ እያሳየህ በቪዲዮ ቅረጽልኝ። እውነተኛ ነጋዴ ያጉረመርም ይሆናል እንጂ ያደርገዋል። "ካላመንከኝ ተወው፣ ሌላ ገዢ እየጠበቀኝ ነው" የሚል ካጋጠማችሁ በደስታ ተዉት። ፎቶውን ጎግል ሌንስ ላይ መፈለግም አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ሌባ ባይሆንም የማይሆን ዕቃ የሚሸጥ አለ። የድሮዎቹ ቮልሶች ጎማ በ5 ቡሎን ነው የሚታሰረው፣ የኋለኞቹ በ4። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ በ6 ቮልት ይሠራሉ፣ ከዚያ ወዲህ ያሉት በ12። የ6 ቮልት ሞተሪኖ ገዝታችሁ የ12 ቮልት መኪና ላይ ብትገጥሙ ሻጩ አልዋሸም፣ እናንተ ግን ከስራችኋል። መጀመሪያ የራሳችሁን መኪና ቁጥር እወቁ። የሞተሩ ቁጥር ዲናሞው ከተቀመጠበት እግር ሥር ነው፤ የሻሲው ደግሞ የኋላ መቀመጫው ሲነሳ መሃል ላይ ይታያል።

መኪናውን ራሱን የምትገዙ ከሆነ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ሊብሬው ላይ ካሉት ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለባቸው። የሊብሬ ፎቶ ማስረጃ አይደለም፤ ፎቶ ማስተካከል ዛሬ ለማንም ልጅ ቀላል ነው። ሰሌዳው አአ ከሆነ ፋይሉ አዲስ አበባ ነው ያለው፣ አማ ከሆነ ክልላችን ውስጥ። ፋይሉ ያለበት ቢሮ ሄዶ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንዳለበት ሳያጣሩ ብር መክፈል ዓይን ጨፍኖ ገደል መግባት ነው። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናውን የሰጠው ቢሮ ዘንድ ሄዳችሁ አረጋግጡ፤ ወካዩ በሕይወት መኖሩንም ጠይቁ። አሮጌ መኪና ባለቤቱ ከሞተ በኋላም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይገኛል፤ ወካዩ ሲሞት ግን ውክልናው በመርህ ደረጃ ይቀራል፣ ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት የምትቆሙት እናንተ ናችሁ።

"ቀብድ ላክና ላስቀምጥልህ" የሚለው ደግሞ ዋናው ወጥመድ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ የተቀበለ ወገን ውሉን ካፈረሰ እጥፍ አድርጎ ይመልስ ይላል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ግን ስሙንም ሱቁንም ከማታውቁት ሰው እጥፉን ማን ይቀበልላችኋል? መድረሳ የቀራን ደግሞ ዑርቡን ላይ ዑለሞች መለያየታቸውን እናስታውሳለን፤ ብዙኃኑ አይፈቅዱትም፣ ሐንበሊዮች ይፈቅዱታል። ሻጭ እጁ ላይ የሌለውን እንዳይሸጥ የተከለከለበትን ሐዲስ ስቀራ የድሮ ገበያ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የቴሌግራም ደላላ ግን ሥራው ይኸው ነው፤ ዕቃው የለውም፣ ብራችሁን ተቀብሎ ሊፈልግላችሁ ነው፤ ካጣው ይጠፋል።

ብር ስትልኩ ማረጋገጫውን ከመጫናችሁ በፊት ስልኩ ላይ የሚመጣውን የተቀባይ ስም አንብቡ። ሻጩ ነኝ ካለው ሰው ስም ጋር ካልገጠመ፣ "የባለቤቴ ሒሳብ ነው" ቢልም አቁሙ። እናንተ ሻጭ ከሆናችሁ ደግሞ ገዢው በሚያሳያችሁ የስልክ ፎቶ ወይም በደረሳችሁ መልእክት አትመኑ፤ የራሳችሁን ሒሳብ ከፍታችሁ ብሩ መግባቱን እዩ። ይህ ላፕቶፕና ስልክ እዚሁ ጊቢ ለምትሸጡም ነው።

የሚሻለው ግን ሰው መላክ ነው። ሱማሌ ተራ ሄዶ ዕቃውን በዓይኑ አይቶ፣ ቁጥሩን አንብቦ፣ በአውቶቡስ የሚልክልን ወንድም አዲስ አበባ ካሉት ተማሪዎች አይጠፋም። የአውቶቡሱን ሰሌዳና የረዳቱን ስልክ ይዞ መቀበል ነው እንግዲህ። ለትራንስፖርትና ለሻይ የምትሰጡት ብር ከምትጠፋው ብር ያንሳል።

ከተታለላችሁ አትፈሩ፣ አትደብቁም። እኔ አፍሬ አንድ ሳምንት ዝም በማለቴ ብሩን የማገድ ዕድሌን አጣሁ። ወዲያው ለባንኩ ወይም ለቴሌብር (127) ደውሉ፤ ጽሑፉ ሳይጠፋ ስክሪኑን ፎቶ አንሱ፣ የሒሳብ ቁጥሩንና የግብይት ቁጥሩን ጻፉ፣ ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን ማታለል በእስራት ይቀጣል። መዝገቡን የሚቀበለው ፖሊስ "መኪና? በቴሌግራም?" ብሎ ሊስቅ ይችላል፤ ይሳቅ፣ እናንተ ግን አስመዝግቡ።

የአጎቴ ካርቡሬተር በመጨረሻ በአንድ የጀመዓችን ወንድም በኩል ከሱማሌ ተራ መጣ። 30 ፒክት፣ ያገለገለ፣ የታጠበ። ቮልሷ አሁን በመጀመሪያው ቁልፍ ትነሳለች። 4,500 ብሩን ከኪስ ገንዘቤ እየቀነስኩ እየከፈልኋቸው ነው፤ ሁለት ወር ይቀረኛል።