የዳርክኔት ገበያ

የዳርክኔት ገበያ በተለመደው ማሰሻ የማይከፈት፣ አድራሻው «ኦኒየን» በሚል ቃል የሚያልቅ የንግድ ድረ ገጽ ነው። አብዛኛው ሸቀጡ አደንዛዥ ዕፅ ሲሆን የተሰረቀ የባንክ ካርድ ቁጥርና ሐሰተኛ መታወቂያም ይሸጥበታል። ፎቶ፣ ዋጋ፣ የደንበኞች አስተያየትና የኮከብ ደረጃ ስላለው ሲያዩት ከማንኛውም የኦንላይን ሱቅ አይለይም።

ገበያው የቆመው በሁለት ፈጠራዎች ላይ ነው። አንዱ ቶር ነው። በአሜሪካ የባሕር ኃይል የምርምር ቤተ ሙከራ ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2002 ለሕዝብ ተለቀቀ። መልእክትን በንብርብር ምስጢር ሸፍኖ በተለያዩ ኮምፒውተሮች ያሻግራል፤ አንዱ ኮምፒውተር የሚያውቀው ከማን እንደተቀበለና ለማን እንደሚያቀብል ብቻ ነው። ሁለተኛው በ2009 የተጀመረው ቢትኮይን ነው፤ ባንክ ሳይገባበት ገንዘብ ያሻግራል። ሮስ ኡልብሪክት የተባለ አሜሪካዊ ሁለቱን አገናኝቶ በ2011 «ሲልክ ሮድ» የተባለውን ገበያ ከፈተ።

ቶር ራሱ ወንጀል አይደለም፤ ጋዜጠኞችና የታገደ ድረ ገጽ ማንበብ የሚፈልጉ ሰዎችም ይገለገሉበታል። በኢትዮጵያ በግንቦት 2004 ዓ.ም. የመረጃ ፍሰትን ሰርስሮ በሚመረምር ቴክኖሎጂ ሲታገድ በይበልጥ የተጎዱትም እነዚሁ ነበሩ።

የገበያው ትልቁ ችግር መተማመን ነው። ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላይ በርበሬ የሚገዛ ሰው ዛላውን ሰብሮ ያሸትታል፣ እርጥበቱን በእጁ ይፈትሻል፣ ሻጩንም ያውቀዋል። በስውሩ ገበያ ይህ ሁሉ የለም። ስለዚህ ገዢው ገንዘቡን ለሻጩ ሳይሆን ለገበያው ባለቤት በአደራ ይሰጣል፤ ዕቃው በፖስታ ደርሶ ገዢው «ተቀብያለሁ» ሲል ለሻጩ ይለቀቃል። የሩሲያው «ሃይድራ» ፖስታውንም ትቶ ዕቃውን መናፈሻ ወይም ግንብ ሥር ቀብሮ ቦታውን ለገዢው ይልክ ነበር።

ትልቁ አደጋም ከዚሁ አደራ ይመነጫል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2015 «ኢቮሉሽን» የተባለው ገበያ ባለቤቶች 12 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚገመት ቢትኮይን ይዘው ጠፉ። አደራ በላ በየዘመኑ አለ፤ እነዚህን ግን ከነስማቸው የሚያውቃቸው ደንበኛ አልነበረም። ጤናን የሚመለከተው አደጋ ከዚህም ይከፋል፤ በሌላ ስም ወይም ተደባልቆ የተሸጠ ፌንታኒል የተባለ ኃይለኛ ማደንዘዣ ገዢዎችን ገድሏል።

የፖሊስ ድል የመጣው በአብዛኛው ቶርን በመስበር አይደለም። ኡልብሪክት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2013 ሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ላፕቶፑ እንደተከፈተ ተያዘ፤ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት በጥር 2025 በፕሬዚዳንት ትራምፕ ምሕረት ወጣ። «አልፋቤይ» የተባለው ገበያ መሥራች የተደረሰበት ለደንበኞች በተላከ የእንኳን ደህና መጣችሁ መልእክት ላይ የግል ኢሜይሉ ስለተገኘ ነው። በ2017 ገበያው ሲዘጋ ደንበኞቹ «ሃንሳ» ወደተባለው ሌላ ገበያ ጎረፉ፤ ሃንሳን ግን የኔዘርላንድ ፖሊስ በድብቅ ተረክቦ ለአንድ ወር ያህል እያስተዳደረ አድራሻቸውን ይሰበስብ ነበር። 17 ሚሊዮን የደንበኛ አካውንት የነበረውን ሃይድራን ደግሞ የጀርመን ፖሊስ በሚያዝያ 2022 ዘጋው። ቢትኮይንም እንደሚወራው ስውር አይደለም፤ እያንዳንዱ ዝውውር ለማንም ክፍት በሆነ መዝገብ ላይ ለዘለዓለም ይቀመጣል።

በርበሬው በሚሸጥበት በምዕራብ ጎጃም ገጠር ግን የዳርክኔት ደንበኛ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ተራው ቴሌግራም እንኳ ለወራት አልሠራም። በኢትዮጵያ ከዳርክኔት ገበያ ጋር የሚቀራረበው ራሱ ቴሌግራም ነው፤ የጥቁር ገበያ ምንዛሬ ዋጋ በግልጽ ይለጠፍበታል፣ የማያውቁት ሻጭም «ቅድሚያ ክፈል» ይልበታል። እዚያ አደራ ያዥም የለም፤ በቴሌብር የተላከ ገንዘብ ግን ቢያንስ የተቀባዩን ስም ያሳያል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የኮምፒውተር ማጭበርበርን ይቀጣል። ብሔራዊ ባንክም በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል፤ ስለዚህ በስውሩ ገበያ ቢትኮይኑን የተበላ ሰው አቤት ለማለት መጀመሪያ በምን እንደከፈለና ምን ሊገዛ እንደነበር መናገር ይኖርበታል።