የእድገት ፋክተር ሴረም፦ ተረቱና እውነታው

«ኖቤል ያሸለመ ነገር ነው፤ ቆዳን ወደ ልጅነቱ ይመልሳል።»

የአባባሉ መጀመሪያ እውነት ነው። ስታንሊ ኮኸንና ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ የእድገት ፋክተሮችን በማግኘታቸው እ.ኤ.አ. በ1986 የሕክምና ኖቤል ተሸልመዋል። ኮኸን ያገኘው፣ ዛሬ በሴረም ጠርሙስ ላይ ኢጂኤፍ ተብሎ የሚጻፈው፣ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ባለ 53 አሚኖ አሲድ ፕሮቲን ነው። ቆዳ ሲቆስል ሴሎች ተባዝተው ቁስሉን እንዲሸፍኑ ያዛል። ሽልማቱ ግን የተሰጠው ለግኝቱ ነው፤ ሴረሙ የመጣው በኋላ ነው።

«ቆዳ ውስጥ ዘልቆ ኮላጅን ያስመርታል።»

ዋናው ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። ጤነኛ ቆዳን አልፈው የሚገቡ ነገሮች አብዛኛውን ጊዜ ክብደታቸው ከ500 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) በታች ነው። ኢጂኤፍ 6,000 ያህል ይመዝናል፤ ኮላጅን በማነቃቃት የሚታወቀው ሌላው የእድገት ፋክተር፣ ቲጂኤፍ-ቤታ፣ ደግሞ 25,000። የቆዳችን የላይኛው ሽፋን ሥራው እንዲህ ያለውን ትልቅ ነገር ውጭ ማስቀረት ነው። ጥቂቱ በፀጉር ቀዳዳ በኩል ሊገባ ይችላል የሚሉ አሉ፤ ይሁን፣ ጥቂት ነው።

ታዲያ ማስረጃ የለም ማለት ነው? አለ፤ ግን ቀጭን ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ አንድ ጥናት 14 ሰዎች የእድገት ፋክተሮች ድብልቅ ለ60 ቀን ተቀብተው 11ዱ መሻሻል አሳይተዋል። የሚነጻጸሩበት ሌላ ቡድን ግን አልነበረም። ማንኛውም ጥሩ ማለስለሻም ደረቅ ፊት ላይ ያለውን ቀጭን ሽብሽብ ያሳሳል። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ጥናቶች ብዙዎቹም ትንንሽ ናቸው፤ ወጪያቸውን የሚሸፍነውም ብዙ ጊዜ ሻጩ ነው።

ክፍት ቁስል ላይ ነገሩ ይለያል። ቤካፕለርሚን የተባለው የእድገት ፋክተር ጄል ለስኳር ሕሙማን የእግር ቁስል እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ ተፈቅዷል። እዚያ የሚያግደው ሽፋን የለም፤ የሚታዘዘውም በሐኪም ነው። ይህን ሰምቶ ቤት ውስጥ ፊትን በመርፌ ሮለር እየበሱ ሴረም ማፍሰስ ግን ስህተት ነው። ጠርሙሱ የተዘጋጀው ላልተበሳ ቆዳ ነው።

«ከገብስ የወጣ ስለሆነ ተፈጥሯዊ ነው።»

አይስላንድ ውስጥ ኢጂኤፍ ከገብስ ይመረታል፤ ይህ እውነት ነው። ገብሱ ግን የሰው ጂን የገባበት ነው። በሶ በጥብጦ ፊት መቀባት ኢጂኤፍ አይሰጥም፤ በሶው ቢጠጣ ይሻላል። ሌሎች አምራቾች ከባክቴሪያ፣ አንዳንዶቹም ላቦራቶሪ ውስጥ ከሚባዙ የሰው ቆዳ ሴሎች ያወጡታል። የአውሮፓ ኅብረት ከሰው ሴል የተገኘ ነገር መዋቢያ ውስጥ እንዳይገባ ስለሚከለክል፣ አሜሪካ ከሚሸጠው አንዳንዱ እዚያ አይሸጥም።

«ዋናው መግዛቱ ነው።»

ፕሮቲን ነውና ሙቀትና ብርሃን ያበላሹታል። ከውጭ በሻንጣ መጥቶ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የዋለ ጠርሙስ ዋጋው እንጂ ጉልበቱ ላይኖር ይችላል። አየር የማያስገባ ባለ ፓምፕ ጠርሙስ፣ ጣት ከሚነከርበት ክፍት ዕቃ ይመረጣል። አሲድነቱ ከፍ ያለ የቫይታሚን ሲ ሴረም የምትጠቀሙ ከሆነ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትደርቡ፤ አንዱን ጠዋት፣ ሌላውን ማታ አድርጉት። ሶሪያሲስ ያለበት ወይም የቆዳ ካንሰር ታሞ የሚያውቅ ሰው ግን ከመግዛቱ በፊት የቆዳ ሐኪም ይጠይቅ።

ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ግዙ። እ.ኤ.አ. በ2013 ውጤቱ በታተመ የአውስትራሊያ ጥናት፣ ለአራት ዓመት ተኩል በየቀኑ እንዲቀቡ የተደረጉት ሰዎች ቆዳ፣ ሲያሻቸው ብቻ ከሚቀቡት ይልቅ 24 በመቶ ያነሰ የእርጅና ምልክት ታይቶበታል።