ምጽዋ ያልደረሰችው ኡምብሪያ

ወልድያም ሆነ መርሳ ስለሰመጡ መርከቦች ሳነሳ «እኛን ከባሕር ምን አገናኘን?» የሚለኝ አይጠፋም። ኡምብሪያ ግን ታገናኘናለች። ይህች የጣሊያን መርከብ በ1932 ዓ.ም. ከ5,000 ቶን ያላነሰ ቦምብ ጭና ስትመጣ፣ ቦምቡ የታሰበው ወራሪው «የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ» ብሎ ለሰየመው ግዛት ነበር። መድረሻዋ በነበረችው ምጽዋ የተራገፈ ዕቃ ያን ጊዜ ወደ ደሴ ይጓዝ የነበረው ደግሞ በአስመራ፣ በመቀሌ፣ በቆቦና በወልድያ አድርጎ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. በቦምብ የተደበደበችው ደሴ የዚህን ጭነት ትርጉም ታውቃለች።

ኡምብሪያ ዛሬ ከፖርት ሱዳን ወጣ ብሎ ዊንጌት በሚባለው የኮራል አለት ሥር በግራ ጎኗ ተኝታለች። ርዝመቷ 150 ሜትር ያህል ነው።

እንግሊዞች መትተው ያሰጠሟት ሊመስላችሁ ይችላል። ያሰጠማት የራሷ ካፒቴን ሎሬንዞ ሙዬሳን ነው! ጣሊያን ገና ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስላልገባች እንግሊዞች ከስዊዝ ቦይ ሊመልሷት አልቻሉም፤ ፖርት ሱዳን ስትቃረብ ግን ለፍተሻ ብለው አስቆሟት፣ ወታደሮችም አሳፈሩባት። ሰኔ 3 ቀን ካፒቴኑ አገሩ ጦርነት ማወጇን በሬዲዮ ሰማ። ፈታሾቹ ወሬው ገና አልደረሳቸውም። «መርከበኞቼ የነፍስ አድን ጀልባ ልምምድ ያድርጉ» ብሎ ጠየቀ፤ ፈቀዱለት። ከፊሎቹ መርከበኞች ጀልባ ሲያወርዱ ሌሎቹ ከታች የውኃ ማስገቢያውን ከፈቱ። እንግሊዞቹ የነቁት መርከቧ ማዘንበል ስትጀምር ነው። ካፒቴኑ ተማርኮ ወደ ሕንድ ተላከ፤ አንድም ቦምብ ግን ከእጁ አልወሰዱም።

ጥልቁ ክፍሏ ከ35 ሜትር ያልፋል። የላይኛው ጎኗ ግን ከውኃው ወለል ጥቂት ሜትር ብቻ ዝቅ ስለሚል፣ እስከ 18 ሜትር የሚያስኬደውን መሠረታዊ የመጥለቅ ሥልጠና የጨረሰ ጀማሪ ጠላቂ በደንብ ያያታል። በጀርባ በሚታዘለው ሲሊንደር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሳይሆን የታመቀ ተራ አየር ነው። ትንፋሽ መያዝ ክልክል ነው፤ 10 ሜትር ላይ ግፊቱ ከላይ ካለው እጥፍ ስለሆነ፣ ሲወጡ በሳንባ የቀረው አየር እየሰፋ ይጎዳል። ቦምቦቹ ዛሬም በመጋዘኗ እንደተደረደሩ ናቸው። ለማስታወሻ ብላችሁ ብረት የምትነቅሉ፣ ፎቶ ለመነሳት ቦምብ የምትደገፉ፣ እባካችሁ ተዉ! ጀማሪ ሆዷ ውስጥ ጭራሽ አይግባ።

ሱዳን ሰላም እስክትሆን ሂዱ አልልም። ሰላም ሲሆን ግን ደገኛው ወገኔ አንድ ነገር ይያዝልኝ። ውኃ ውስጥ ደም የመጠጠው ናይትሮጅን ቀስ ብሎ ካልወጣ አረፋ ሆኖ ሰውነትን ያሽመደምዳል። ከፍታ ደግሞ ይህን ያባብሰዋል፤ አውሮፕላን ብቻ ሳይሆን እንደ ወልድያ ወደ 2,000 ሜትር የሚያወጣ መንገድም እንደዚያው ነው። አንዴ ከጠለቃችሁ ቢያንስ 12፣ ከደጋገማችሁ 18 ሰዓት ሳታርፉ ወደ ደጋ የሚወጣ መኪና አትሳፈሩ።