ኮንሰርቱ ካለቀ በኋላ ራዲዮው ምን አለ?

በመካከላችን ራዲዮ የማያዳምጥ ዕጩ መምህር የለም ብንል ማጋነን አይሆንም። ታክሲ ውስጥ ስንቀመጥም ሆነ ልብስ ስናጥብ ጆሯችን እዚያው ነው። «በዚህ ቅዳሜ እንዳያመልጥዎ!» የሚለውን ማስታወቂያ በቃላችን ይዘነዋል። ታዲያ እሑድ ጧትስ ምን ሰማን? ኮንሰርቱ እንዴት ሆነ? ማን ምን ተጫወተ? ሕዝቡስ ምን አለ? በዚህ ጽሑፍ የከተማችን ጣቢያዎች የሙዚቃ ዝግጅትን እንዴት እንደሚይዙና ነገሩ በተለይ ለቂርቆስና ለካዛንችስ ለምን እንደሚያሳስብ ባጭሩ እንመለከታለን።

እንደሚታወቀው በውጭ አገር ሮክ ብቻ ወይም ጃዝ ብቻ የሚያሰሙ ጣቢያዎች አሉ። የእኛዎቹ ግን ሁሉን ያቀላቅላሉ፤ ዜናው፣ ኳሱ፣ ትረካውና ዘፈኑ ባንድ ሞገድ ይመጣል። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም.፣ ከመጀመሪያዎቹ የግል ጣቢያዎች አንዱ የሆነው ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ደግሞ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። ስለዚህ ሮክን ከአገራችን ዜማ ጋር ያዋሐደው ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ» የተባለውን አልበሙን ሲያወጣ የራሱ የሮክ ጣቢያ አልጠበቀውም። እንደ ሌላው ዘፈን ሁሉ ወረፋ ይዞ ነው የሚሰማው።

ራዲዮ ለአንድ ኮንሰርት የሚሠራው ሥራ በሦስት ይከፈላል፤ ይኸውም ከዝግጅቱ በፊት፣ በዝግጅቱ ጊዜና ከዝግጅቱ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ክፍል የሞቀ ነው። አዘጋጁ የአየር ሰዓት ይገዛል፤ ወይም ጣቢያው ስሙ እንዲነሣለት በአጋርነት ይገባል። ዘፋኙ ስቱዲዮ ይጋበዛል፤ ጥያቄ ለመለሰ አድማጭም ቲኬት ይሰጠዋል። በዚህ ክፋት የለበትም፤ ጣቢያውም ባለሙያውም መኖር አለባቸው። ሆኖም ሻጭ «ዕቃዬ መጥፎ ነው» አይልምና፣ የተከፈለበትን ወሬና ጋዜጠኛው ራሱ ሄዶ ያመጣውን ወሬ አድማጩ መለየት አለበት።

ሁለተኛው፣ በቀጥታ ማስተላለፉ፣ ቀላል አይደለም። ድምፁ ከመድረኩ ሚክሰር በገመድ ብቻ ሲወሰድ ዘፋኙና መሣሪያው ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ጭብጨባውና እልልታው ግን ይጠፋና አዳራሹ ባዶ ይመስላል። ስለሆነም ወደ ሕዝቡ የዞሩ ሌሎች ማይክራፎኖች ይጨመራሉ። ከዚያም ድምፁ እስከ ስቱዲዮ የሚደርስበት የማይቆራረጥ መስመር ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ፈቃድ አለ፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በመሠረቱ የከዋኙ ሥራ ያለ ፈቃዱ እንዳይቀረጽና እንዳይሠራጭ ይጠብቃል። ይህ ሁሉ ወጪ ሲደመር ብዙ ጊዜ የሚተርፈን አንድ ጋዜጠኛ በስልክ «ሕዝቡ በጣም ደምቋል» ማለቱ ነው።

ሦስተኛው ክፍል፣ እኛ እንዳዳመጥነው ከሆነ፣ ከሁሉም የሳሳ ነው። ቅዳሜ ካለፈ የሚከፍል የለም፤ ወሬው ወደሚቀጥለው ቅዳሜ ይዞራል።

ይኸ ለቂርቆስ ምን ማለት ነው? በዚህ ክፍለ ከተማ ትልቁም ትንሹም መድረክ ኖሯል። መስቀል አደባባይ ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. የቦብ ማርሌይ 60ኛ ዓመት ልደት በታላቅ ኮንሰርት ተከብሮበታል። እንዲህ ያለውን የዓለም ጋዜጠኛ ሁሉ ይይዘዋል፤ አይጠፋም። በባምቢስ በኩል ዳገቱን ወጣ ሲሉ ግን ካዛንችስ ነው። ስሙ ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው «ካዛ ኢንቺስ» ከተባሉ ቤቶች የመጣ ሲሆን፣ ሰፈሩ ኋላ በአዝማሪ ቤቶቹ ታወቀ። ከነዚህ አንዱ ፈንድቃ፣ በእስክስታው በታወቀው በመላኩ በላይ እጅ ከአዝማሪ ቤትነት ወደ ባህል ማዕከልነት አደገ፤ ኢትዮ ከለር ባንድም እዚያ ተጫውቷል። በ2017 ዓ.ም. ካዛንችስ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ፈንድቃም ከነበረበት ተነሣ።

አዝማሪ በማሲንቆው የሚያወርደው ግጥም እዚያው ተወልዶ እዚያው የሚያልፍ ነው። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ይሰጠዋል፤ እሱም አዋዝቶ ይመልስለታል፤ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ለዚህ ማስታወቂያ የሚከፍልለት የለም፤ በአልበምም አይወጣም። እንግዲህ ራዲዮው ማይክራፎኑን ይዞ ካልሄደ ማን ይይዘዋል? የፈረሰ ቤት ሌላ ቦታ ሊሠራ ይችላል፤ ያ ምሽት ግን አይመለስም።

ወደ መድረኩ መሄድ ካልተቻለ ባለሙያውን ወደ ስቱዲዮ ማምጣት ይቻላል። የእንግሊዙ ቢቢሲ አቅራቢ ጆን ፒል እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 2004 ድረስ፣ ብዙዎቹ ገና ስማቸው ያልተሰማ ባንዶችን ስቱዲዮ እያስጠራ አስቀድቷል፤ ቅጂዎቹ ከ4000 በላይ ናቸው። ባንዶቹ ቢበተኑም ድምፃቸው አለ። እኛም ጋ በሳምንት አንድ አዝማሪ ወይም አንድ ጀማሪ ባንድ ግማሽ ሰዓት ቢሰጠው ባሥር ዓመት ስንት ይሆናል? ሒሳቡን ለእናንተ ትተናል።

«ይኸ የጋዜጠኞች ጉዳይ ነው፤ ለመምህር ምኑ ነው?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ቢኖር ኃላፊነቱ በኛ ላይ መውደቁ አይቀርም። ያን ጊዜ ተማሪዎቻችን የወላጆች ቀን መድረሱን ብቻ ሳይሆን፣ ካለፈ በኋላ ሰኞ ጧት በሰልፍ ሰዓት ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ እንዴት እንዳቀረበ ይናገሩ። የሰፈራቸውን ዘፋኝ አስፈቅደው በስልክ ይቅዱ፤ ስሙን፣ ቀኑንና ቦታውን ከቅጂው ጋር ጽፈው ያስቀምጡ። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ለዜማ ሲሆን ደግሞ በመጽሐፉ ላይ ቅጂውን እንጨምርበት።