መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ይወቅ

ጎንደር የሚኖረው የእህቴ ልጅ በቅርቡ ደውሎ «ጋሼ፣ ከጠዋት ጀምሮ የጻፍኩት የመመረቂያ ጽሑፍ ጠፋብኝ» አለኝ። ለካስ መብራት ሄዶ ኖሯል፤ እሱ ግን ልብ አላለም። የላክሁለት ላፕቶፕ ባትሪው ያረጀ ነው። ይባስ ብሎ ይፈጥንለታል ብዬ የኃይል አጠቃቀሙን ከፍተኛው ላይ አድርጌ የላክሁት እኔው ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነውና መፍትሔውንም መፈለግ ነበረብኝ።

ፕሮሰሰር ሲሠራ የሚወስደው ኃይል ከፍጥነቱና ከቮልቴጁ ስኩዌር ብዜት ጋር አብሮ ይሄዳል። ሁለቱም በ10 በመቶ ቢቀንሱ ፍጆታው በ27 በመቶ ገደማ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1996 ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ ባወጡት ኤሲፒአይ በተባለው ደንብ መሠረት ይህን የሚመራው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው። ስለዚህ ፕሮግራማችን የሚጠይቀው እሱን ነው።

በዊንዶውስ «ጌት ሲስተም ፓወር ስታተስ» የተባለው ፈንክሽን ስለ መስመሩ 1 ካለ መብራት አለ፣ 0 ካለ በባትሪ ነው፣ 255 ካለ ግን አይታወቅም ማለት ነው። ይህችን ሦስተኛዋን የዘነጋ ፕሮግራም የተሳሳተ ውሳኔ ይወስናል። በየሴኮንዱ መጠየቅም አይበጅም፤ ፕሮሰሰሩን እየቀሰቀሰ ያንኑ ባትሪ ይበላል። ለውጥ ሲኖር ዊንዶውስ ራሱ መልእክት ስለሚልክ እሱን መጠበቅ ይሻላል።

እርግጥ ነው፣ ዊንዶውስ በአንድ የኃይል እቅድ ውስጥ ለመስመርና ለባትሪ የተለያየ ቅንብር ይይዛል። ለብዙ ሰው ይህ ይበቃል። የእህቴ ልጅ ችግር ግን ባትሪው ከመድከሙ በፊት ጽሑፉን የሚያስቀምጥለት ማጣቱ ነው። ስለዚህ የጻፍኩለት ትንሽ ፕሮግራም መልእክቱ ሲደርሰው በመጀመሪያ ፋይሉን ያስቀምጣል፤ ቀጥሎ ድምፅ ያሰማል፤ ከዚያም ሥራ ላይ ያለውን እቅድ መዝግቦ «ፓወርሲኤፍጂ» በተባለው ትእዛዝ ወደ ቆጣቢው ያዞራል። መብራት ሲመጣ የመዘገበውን ይመልሳል። ባለቤቱ የመረጠውን ለውጦ ዝም ማለት ነውር ነውና።

ወደ አገር ቤት ላፕቶፕ ስንልክ ስለ ፍጥነቱና ስለ ሜሞሪው እንጠይቃለን። ስለሚሄድበት ቤት መብራትም እንጠይቅ። እኔ ባለመጠየቄ የአንድ ተማሪ የአንድ ቀን ድካም ጠፍቷል።

ቸር ይግጠመን።